«ሄንዲ» የማን ቃል ነው?

ቅዳሜ ማምሻውን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ እንደተነገረ የተጻፈ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ወንበር አለ። ልጆቹንም ጥሯቸው፤ የዛሬው ጉዳይ እንዲያውም የእነሱ ነው፤ ከእጃቸው ስለማይለየው ነገር፣ እዚህ ጀርመን «ሄንዲ» ስለሚባለው ሞባይል ስልክ ስም ነው የምናወራው።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኪሱ ወይም ቦርሳው ውስጥ ሄንዲ የሌለው ማነው? የለም። እሺ፣ ሁለተኛ ጥያቄ፦ «ሄንዲ» የየት አገር ቃል ነው? ...ሰማሁ፣ ሰማሁ። «የእንግሊዝኛ» ያለው ይበዛል። እንግዲያው ነገ ለንደን ወይም ዋሽንግተን ላለች የአክስታችሁ ልጅ ደውሉና «ሄንዲዬ ጠፋብኝ» በሏት። «ምን? ምንድነው የጠፋው?» ነው የምትላችሁ። እንግሊዝ አገር ስልኩ «ሞባይል» ነው፤ አሜሪካ «ሴል ፎን» ነው። ሄንዲ የሚባል ስልክ አያውቁም!

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው፤ ከየአቅጣጫው እየዞርኩ እመጣበታለሁ። «ሄንዲ» ጀርመኖች ተሳስተው የተናገሩት እንግሊዝኛ አይደለም። ከእንግሊዝኛ ጨርቅ ገዝተው ለራሳቸው ልክ የሰፉት የጀርመን ቃል ነው። በመንገዴ ላይ የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ከትርጉሙ እንነሣ። እንግሊዝኛው «ሄንዲ» ቅጽል ነው። ለአጠቃቀም የሚመች፣ ከእጅ የማይርቅ ማለት ነው። እጁ ሁሉን የሚችል፣ ቧንቧም መብራትም የሚጠግን ሰውም «ሄንዲ» ይባላል። ጀርመኖች ለዚህ የራሳቸው ቅጽል አላቸው፤ «ሃንድሊሽ» ይላሉ። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ለቅጽልነት አልፈለጉትም። የወሰዱት ስም አድርገው ነው፤ ስም አድርገው ደግሞ ስልክ ላይ ለጠፉት። መነሻው እዚያ፣ ትርጉሙ እዚህ። የቋንቋ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቃል «ሻይንአንግሊትሲስሙስ» ይሉታል፤ እንግሊዝኛ መሳይ ማለት ነው።

ጀርመኖች በዚህ ብቻቸውን እንዳይመስሏችሁ። እኛስ? «ሙድ ያዘብኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው? አሾፈብኝ፣ ቀለደብኝ። ይህን ቃል በቃል መልሳችሁ ለአንድ እንግሊዛዊ ንገሩት እስቲ! «ሙድ»ን ያውቀዋል፣ «መያዝ»ንም ያውቀዋል፤ ሁለቱ ተጋብተው የወለዱትን ግን አያውቀውም። ልጁ የእኛ ነዋ። የታሸገ ውኃውንም አስቡት። «ሃይላንድ» የአንድ ውኃ የንግድ ስም ነበር፤ ዛሬ ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ስህተት የሚል የለም፤ ቃሉ ሥራውን እየሠራ ነውና።

ጀርመን ቤትም ሄንዲ ወንድሞች አሉት። ግድግዳ ላይ ፎቶና ፊልም የሚያበራውን መሣሪያ እዚህ «ቢመር» ይሉታል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ቢመር» ሲባል ቢኤምደብሊው መኪና ነው የሚታየው። ጥንታዊ መኪና «ኦልድታይመር» ነው፤ በእንግሊዝኛ አንድን አንጋፋ ሽማግሌ መጥራት ይሆናል። ከሁሉ የሚያስቀው «ሆም ኦፊስ» ነው። ጀርመኑ «ዛሬ ሆም ኦፊስ ነኝ» ሲል ከቤት ሆኜ እየሠራሁ ነው ማለቱ ነው። ለንደን ውስጥ ግን «ሆም ኦፊስ» የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው! ጥገኝነት ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ሆዱ ሳይንቦጫቦጭ አይቀርም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፦ ቃሉ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ቀልዱም ውሸቱም ብዙ ነው። ሽቱትጋርት አካባቢ የምትኖሩ ይህቺን ሳትሰሟት አትቀሩም። አንድ የሽቫብ ሰው ገመድ የሌለው ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ አሉ። ደነገጠና በገጠሩ ዘዬ «ሄን ዲ ኮይ ሽኑር?» አለ። «እነዚህ ገመድ የላቸውም እንዴ?» ማለቱ ነው። ከዚያ «ሄን ዲ» «ሄንዲ» ሆኖ ቀረ። አሪፍ ናት አይደል? አሪፍ ናት፣ እውነት ግን አይደለችም። እንዴት እናውቃለን? የቃልን ዘር የሚመረምር ሰው ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ድምፁ ምን ይላል፣ መጀመሪያ እነማን አፍ ላይ ነበር፣ በየትኛው መንገድ ወደ ሕዝቡ ገባ።

ድምፁን እንፈትን። «እጅ» በጀርመንኛ «ሃንት» ነው፣ በ«ሃ»። አንዳንዱ ሰው «ይህማ ከጀርመንኛው ሃንት መጨረሻው ላይ ‹ኢ› ተጨምሮበት የመጣ የማቆላመጫ ስም ነው» ይላል። ማቆላመጫው እውነት አለ፤ ሃንስ የሚባለውን «ሃንሲ»፣ እናትን «ሙቲ» ይላሉ። ግን ልብ በሉ፤ ሃንስ ሃንሲ ሲሆን «ሃ» ድምፁን አልለወጠም። በዚህ ሕግ ቢሄድ ስልኩ «ሃንዲ» በተባለ ነበር። እነሱ ግን «ሄንዲ» ይላሉ። ለምን? ፊደሉ «ኤ» የሚባለው የላቲን ፊደል ሆኖ ሳለ የሚያነቡት እንደ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። እንግሊዞቹ በ«ሃ» እና በ«ሄ» መካከል ያለ ድምፅ ያሰማሉ፤ ያ ድምፅ ጀርመንኛ ውስጥ ስለሌለ ጀርመኑ ቅርብ ወደሆነው «ሄ» ይወስደዋል። ስለዚህ ቃሉ በእንግሊዝኛ በር ነው የገባው። መጨረሻው ላይ ያለው ፊደልም ይህንኑ ይመሰክራል። የጀርመን ማቆላመጫ በ«አይ» ፊደል ነው የሚያልቀው፤ ሄንዲ የሚያልቀው በ«ዋይ» ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ እነማን አፍ ላይ ነበር ወደሚለው እንምጣ። ጉዳዩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ እንሂድ። ቺካጎ ውስጥ ጋልቪን ማኑፋክቸሪንግ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ በ1947 ስሙን ቀይሮ ሞቶሮላ የሆነው ነው። ይህ ኩባንያ ለአሜሪካ ጦር ኤስሲአር 536 የተባለ የመገናኛ ራዲዮ ሠራ። ከነባትሪው 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውስጡ አምስት የመስታወት ቫልቮች አሉ። ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ ወታደሩ አንቴናውን ሲመዘው ይበራል፣ ሲመልሰው ይጠፋል። ድምፁ በየብስ ላይ የሚደርሰው 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚሠራበትን መስመር ለመቀየር መሣሪያውን ከፍቶ ክሪስታሉንና ጥቅልል ሽቦውን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጦር ሜዳ ላይ መስመር መቀየር ዘበት ነበር። ስሙንስ ምን አሉት? «ሄንዲ ቶኪ»! ያው ኩባንያ በጀርባ የሚታዘል ሌላ ራዲዮም ሠርቷል፤ እንደ ባትሪው ዓይነት ከ14 እስከ 17 ኪሎ ይመዝን ነበር። እሱን «ዎኪ ቶኪ» አሉት። ልዩነቱን ያዙልኝ፤ አንደኛው በጀርባ አዝለውት እየሄዱ የሚያወሩበት ነው፣ ሌላኛው በእጅ የሚያዝ። «ሄንዲ» ገና ከጅምሩ የመለያ ቃል ነበር፤ የሚታዘለውን ከሚያዘው ይለያል።

ከጦርነቱ በኋላ ስሙ በራዲዮ አፍቃሪዎች ዘንድ ቀረ። ጀርመን ውስጥ ፈቃድ አውጥተው በአየር ሞገድ የሚነጋገሩ አማተር የራዲዮ ሰዎች አሉ። ምዕራብ ጀርመን ከሐምሌ 1 ቀን 1975 ጀምሮ ደግሞ ሲቢ የሚባለውን ራዲዮ ለማንም ሰው ፈቀደች። በእጅ የሚያዘው ራዲዮ መጠሪያው «ሃንድፉንክገሬት» ነው፤ ይህን ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ ባትሪው ያልቃል! ስለዚህ አሳጠሩት፤ «ሄንዲ» አሉት። ቀልደኞቹ «ሃንድጉርከ» ይሉታል፤ የእጅ ኪያር ማለት ነው። ቅርጹን ያየ ሰው ስሙን አይነቅፍም።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀረን፤ ቃሉ በየትኛው መንገድ ወደ ሕዝቡ ገባ? ስልኩ ጋ ገና አልደረስንም። ጀርመን ውስጥ ተንቀሳቃሽ ስልክ የተጀመረው መኪና ውስጥ ነው። ኤ-ኔትስ የሚባለው የመጀመሪያው መረብ በ1958 ተከፈተ፤ መሣሪያው 16 ኪሎ ያህል ነበር፣ መስመሩንም የምታገናኘው ኦፕሬተር ነበረች። በ1972 ቢ-ኔትስ መጣ። በዚህኛው ደዋዩ ራሱ መደወል ይችላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሚደውልለት መኪና የት አካባቢ እንዳለ ማወቅ አለበት! አንዲት ሚስት ከሃምቡርግ ለባሏ ልትደውል ፈለገች እንበል። ባል በመኪና ከፍራንክፈርት ወደ ሙኒክ እየነዳ ነው። አሁን ዉርትስቡርግ ደርሶ ይሆን? ኑርንበርግስ? የአካባቢውን ኮድ ገምታ ትደውላለች። ከሳተች መስመሩ አይገኝም፤ እንደገና ትገምታለች። ባል ዘግይቶ ሲገባ «የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ያኔ የቴክኒክ ጥያቄ ነበር።

በ1985 ሲ-ኔትስ ተተካ፤ የትም ይሁን የት በአንድ ኮድ፣ በ0161 ይደወላል። መኪናው ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ሲሻገር ወሬው አይቋረጥም። በዚህ ጊዜ ነው ስልኩ ከመኪና መውረድ የጀመረው። መጀመሪያ የወረደው በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ከባትሪው ጋር አንድ ሳጥን የሆነ ዓይነት ነበር፤ «ፖርታብል» ይሉታል። ከዚያ በ1992 አጋማሽ ዲጂታሎቹ ዲ-ኔትስ መጡ፤ የቴሌኮም ዲ-1 በ0171፣ የማነስማን ኩባንያ ዲ-2 በ0172። በ1994 ኢ-ፕሉስ የተባለው ኩባንያ በ0177 ተከተለ።

አሁን ሱቅ ገብታችሁ አስቡት። ዓመቱ 1992 ነው። ሻጩ ሦስት ዓይነት ዕቃ አለው፦ መኪና ላይ የሚገጠም አውቶቴሌፎን፣ በትከሻ የሚያዝ ፖርታብል፣ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ስልክ። ልዩነታቸው የመጠን ብቻ አይደለም። በጂኤስኤም፣ ማለትም በዲጂታል ሞባይሎቹ የጋራ ደንብ፣ መኪናው ላይ የሚገጠመው እስከ 8 ዋት ኃይል ያወጣል፤ በእጅ የሚያዘው ግን 2 ዋት ብቻ። ማማ በራቀበት ገጠር ውስጥ 2 ዋቱ ሲጠፋ 8 ዋቱ ያወራል። ስለዚህ ገዢው «የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነበረበት፤ ሻጩም ለሦስተኛው አጭር ስም ያስፈልገው ነበር። «ሄንዲ»! የራዲዮ ሰዎቹ ቃል ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ያን ጊዜ ከነበሩት ትናንሾች አንዱ የሞቶሮላ 3200 ነው። 520 ግራም ይመዝናል፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር ጆሮ ላይ መያዝ ነው። ጀርመኖች «ክኖኽን» ይሉት ነበር፤ አጥንት ማለት ነው፣ ቅርጹ የበሬ ቅልጥም ስለሚመስል። ሎቬ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ደግሞ በዚያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ሄንዲቴል 100» የሚባል ስልክ ገበያ ላይ አዋለ።

እዚህ ላይ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ቃሉን ያመጡት የማስታወቂያ ሰዎች ናቸው» ይላል። ሌላው «የለም፣ የራዲዮ ሰዎች ናቸው» ይላል። እኔ ሁለቱን አላጣላም። አንድ የንግድ ስም በሕዝብ አፍ የሚለመደው ሰው ቀድሞ በግማሽ ሲያውቀው ነው፤ የራዲዮ ሰዎቹ ቃሉን ዘሩ፣ ነጋዴዎቹ አጨዱ። «እኔ ነኝ በ1992 የፈጠርኩት» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ግን አትመኑት። ቃሉ ከዚያ በፊት ለእጅ ራዲዮ ይነገር ከነበረ፣ ለስልክ ሊያውሰው ይችል እንደሆነ እንጂ እንዴት ሊፈጥረው ይችላል? ማንሃይም ያለው የጀርመን ቋንቋ ተቋም «ሄንዲ»ን በ1990ዎቹ አዳዲስ ቃላት ውስጥ መዝግቦታል፤ ይህ የስልኩ ትርጉም የተስፋፋበት ዘመን ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? አውቶቴሌፎን ጠፋ፣ ፖርታብልም ጠፋ። የሚለየው ነገር ሲጠፋ የመለያው ቃል የሁሉ ስም ሆነ። «ሞቢልቴሌፎን» የሚለው ቃል ነበረ፣ አሁንም አለ። ግን አምስት ቀለም ነው፦ ሞ-ቢል-ቴ-ሌ-ፎን። ሄንዲ ሁለት ቀለም ነው። በቀን ሃያ ጊዜ የሚጠራ ነገር አምስት ቀለም አይሸከምም። እኛስ ብንሆን «ተንቀሳቃሽ ስልክ» የምንለው ዜና ስናነብ አይደለም እንዴ? ቤት ውስጥ «ተንቀሳቃሽ ስልኬን አቀብይኝ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሦስተኛው ነጥብ ሰዋስው ነው፤ ለተማሪዎቹ ይጠቅማል፣ ቶሎ እጨርሳለሁ። የጀርመንኛ ስም ሦስት ጾታ አለው፤ «ዴር» የወንድ፣ «ዲ» የሴት፣ «ዳስ» ከሁለቱም ያልሆነ። የሄንዲ ጾታው «ዳስ» ነው፤ ዳስ ሄንዲ። ለምን ዳስ? ስልክን ዳስ ቴሌፎን፣ መሣሪያን ዳስ ገሬት ስለሚሉ፤ አዲሱ ቃል የታላላቆቹን ጾታ ወረሰ። ከሌላ ቃል ጋር ሲጣበቅ ግን ጾታውን የሚወስነው የመጨረሻው ነው። የስልኩ ውል «ዴር ሄንዲፌርትራግ»፣ መሸፈኛው «ዲ ሄንዲሁለ»፣ ቻርጅ ማድረጊያው ገመድ «ዳስ ሄንዲላደካበል»። ሦስቱም ሄንዲ ናቸው፣ ሦስቱም ጾታቸው ለየብቻ ነው።

አሁን ልጆቻችን የሚሳሳቱበት ቦታ ይኸውላችሁ። ብዙ ቁጥሩ «ሄንዲስ» ነው፤ ሲጻፍ ዋይዋ አትነካም፣ ከኋላዋ ኤስ ብቻ ይገባል። በእንግሊዝኛ ክፍል ዋይን አጥፍቶ በአይ-ኢ-ኤስ መተካት የለመደ ልጅ በጀርመንኛ ክፍልም እንደዚያው ይጽፍና ቀይ እስክሪብቶ ያርፍበታል። በጀርመንኛ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ ቤቢስ፣ ፓርቲስ፣ ሆቢስ፣ ሄንዲስ። በተቃራኒው ደግሞ እንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ማይ ሄንዲ» ብሎ የጻፈ ልጅ ያው ቀይ እስክሪብቶ ይጠብቀዋል። አንድ ቃል፣ ሁለት ቅጣት!

ጎረቤቶቹንም እንይ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሄንዲ ቢባልም ብዙ ሰው «ናቴል» ሲል ትሰማላችሁ። ናቴል «ናሲዮናለስ አውቶቴሌፎን»፣ ብሔራዊ የመኪና ስልክ ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ በ1978 የተጀመረው የመኪና ስልክ መረብ ስም ነበር። የስዊዘርላንዱ የስልክ ኩባንያ ስዊስኮም ስሙን ለንግድ መጠቀም ያቆመው በ2017 ነው፤ መኪናው ቀርቶ ስሙ ኪስ ውስጥ ገባ። ቻይኖች «የእጅ ማሽን» ይላሉ፤ ኮሪያዎች «ሄንድፎን» ይላሉ፤ ይህም እንግሊዝኛ መሳይ ሆኖ እንግሊዝ የማያውቀው ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ፔሌፎን» ይላሉ። እሱ የመጀመሪያው የእስራኤል ሞባይል ኩባንያ ስም ነው፤ «ፔሌ» በዕብራይስጥ ተአምር ማለት ነው፣ ተአምረኛ ስልክ።

እኛ ጋ አዲስ አበባ ውስጥ ሞባይል ሥራ የጀመረው በ1999 ነው፤ ስሙም «ሞባይል» ሆኖ ቀረ። ግን ለመሣሪያው ለብቻው ማንም ያላስተማረን ግሩም ቃል አለን፦ ቀፎ! ሲሙ ንብ፣ ስልኩ ቀፎ። «ቀፎው ተሰበረ፣ ሲሙ ደህና ነው» ስንል መሣሪያውን ከሲሙ በአንድ ቃል እንለየዋለን። ይህን ቃል እዚህ ያደጉ ልጆቻችን አያውቁትም፤ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ንገሯቸው።

የመጨረሻው የሕጉ ጉዳይ ነው፤ ኪስ ይነካልና ጆሮ ስጡኝ። እዚህ ጀርመን መኪና እየነዱ ስልክ መያዝ የተከለከለው ከየካቲት 1 ቀን 2001 ጀምሮ ነው፤ ሁሉም ሰው «ሄንዲፌርቦት»፣ የሄንዲ ክልከላ ይለዋል። ሕጉን ገልጣችሁ ብታነቡ ግን «ሄንዲ» የሚል ቃል አታገኙም! መጀመሪያ የነበረው «ሞቢል ወይም አውቶቴሌፎን» ይል ነበር። በ2017 ሲሻሻል «ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ» አለ፤ ታብሌቱንም እንዲያካትት። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። «ስልክ አልደወልኩም፣ ሰዓት ነው ያየሁት» ማለት አያድንም፤ በእጅ አንሥቶ መጠቀሙ ይበቃል። ቅጣቱ 100 ዩሮና በአሽከርካሪዎች የጥፋት መዝገብ ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ በብስክሌት ላይ 55 ዩሮ።

ውሉም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ 24 ወር ያስራችኋል። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2021 ወዲህ ግን የመጀመሪያው ጊዜ አልቆ ውሉ በራሱ ከቀጠለ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላላችሁ፤ እንደ ድሮው ሌላ ዓመት አያስሯችሁም። ቅጹ ላይ «ሄንዲ» የሚለውን ስትፈልጉ እንዳትደክሙ። ቁጥራችሁን የሚጠይቀው ቦታ «ሞቢልኑመር» ወይም «ሩፍኑመር» ነው የሚለው። ሄንዲ የአፍ ቃል ነው፤ የመንግሥትና የውል ወረቀት እስካሁን አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ያቆመዋል።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ፤ ከልጆቹ እንጀምር።